ያላላባቸው ዘጠኝ ድንጋዮች

የእናትየዋ አማች፣ የልጇ ባል፣ በሩን ለሦስተኛ ጊዜ ከማጠፊያው ነቅሎ መሬት ላይ አጋድሞታል። መላጊያውን ወዲያና ወዲህ ሲገፋው ቀጫጭኑ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ እግሩ ሥር ይወድቃል።

«እማማ፣ ይሄ በር እኮ ጉድ ነው» አላት ቀና ሳይል። «እኔ ባከሳሁት ቁጥር እሱ ይወፍራል።»

«ከእኔ ጋር ተወዳድሮ ነው» አለች ልጇ ከውስጥ፣ ከአልጋዋ ላይ። «ግን አያሸንፈኝም።»

ባልና ሚስት ሳቁ። እናትየዋ አልሳቀችም። ደጃፉ ላይ ቆማ መዳፏን ዘረጋችና ከድንጋይ እስከ ድንጋይ ያለውን ክፍተት በስንዝር ለካች። ቤቱ ሲሠራ አራት ስንዝር ከአራት ጣት ነበር። አሁን አራት ስንዝር አልሞላም። እጇን ለወጠችና እንደገና ለካች። ያው ነው። እንጨት በእርጥበት ያብጣል፤ ዝናቡ ካባራ ግን አምስት ወር ሆኖታል። ደግሞም ያበጠው እንጨቱ አልነበረም። የተጠጋጋው ድንጋዩ ነው።

«ምን ሆኑ እማማ? ፊትዎ አመድ መሰለ እኮ» አላት አማቿ።

«ምንም። ፀሐይ ነው» አለችው። በእሷ በኩል ግን ጥላ ነበር።

ይህች ከተማ በአንድ ዘመን የአንድ ትልቅ ግዛት መዲና ነበረች። ከባሕር እስከ በረሃ ያለ አገር ሁሉ ሲምል በእሷ ይምል ነበር። ግንቦቿና ድልድዮቿ ጭቃም ኖራም አልነካቸውም፤ የቆሙት በመሐላ ነው። የነገሥታቱ ግንበኞች እያንዳንዱን ድንጋይ ሲያስቀምጡ እጃቸውን ጭነው «ንጉሡ እስካለ ከዚህ አልነቃነቅም» ብለው ያስምሉት ነበር። ድንጋይ ደግሞ እንደ ሰው አይደለም፤ ከማለ ማለ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ጠላት ገባ፤ የመጨረሻውን ንጉሥ ገደለ፣ ቤተ መንግሥቱን አቃጠለ፣ የሚዘረፈውን ዘርፎ ሄደ። የተረፈው ሕዝብ መጠለያ ሲያጣ የቤተ መንግሥቱን ድንጋይ እያወረደ ቤት መሥራት ጀመረ። እነዚያ ቤቶች ዓመት አልቆዩም። ድንጋዮቹ ወደ ድሮ ቦታቸው ሊመለሱ በየወሩ በጣት ውፍረት ቤተ መንግሥቱ ወዳለበት ኮረብታ እያዘነበሉ፣ በመጨረሻ በተኛ ሰው ላይ ፈረሱ። ስንት ቤተሰብ ካለቀ በኋላ ነው አንዲት ሴት ነገሩ የገባት፦ ለድንጋዮቹ መርዶ የነገራቸው ሰው የለም።

ያቺ ሴት የእናትየዋ እናት ነበረች። ሙያው ከእሷ ወረደ።

እናትየዋ በየጠዋቱ ከኮረብታው ሥር ባለው የድንጋይ ግቢ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች። ሠራተኞች በጋሪ ያወረዱትን ድንጋይ አንድ በአንድ ፊቷ ያኖሩላታል። ግራ እጇን ትጭንበትና በለሰለሰ ድምፅ ትነግረዋለች። መጮህ የለም። ሁለት ድንጋይ አንድ ላይ መንገር የለም። መዋሸትማ ጭራሽ የለም፤ ድንጋይ ውሸት ጆሮው አይገባም። «ንጉሡ ሞቷል። ካጣነው አርባ ዓመት ሆነ። የማልክለት የለም፤ ጠብቀህ ጨርሰሃል፤ እረፍ» ትለዋለች። የሰማ ድንጋይ ያልበዋል። ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ተሞላ እንስራ ላዩ ላይ እርጥበት ችፍ ይልና ይደርቃል። ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ ዳግመኛም አያልበውም። ዋናው ግንበኛ ይመጣና በአውራ ጣቱ ዳብሶ እርጥበቱን ካየ በኋላ በከሰል ምልክት ያደርግበታል። ምልክት የሌለው ድንጋይ ከግቢው አይወጣም። እናትየዋ ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ስትሠራ ኖራለች። የሰፈሩ ልጆች ከኋላዋ «እትዬ መርዶ» ይሏታል፤ ዞር ስትል ግን አንዳቸውም አላሉም።

ነገሩ የተበላሸው ልጇ ልትዳር ስምንት ቀን ሲቀራት ነው። ዋናው ግንበኛ ለሙሽራዋ ስጦታ ይሁን ብሎ፣ ከቤተ መንግሥቱ ምሥራቅ በኩል ካለች አንዲት ትንሽ ክፍል ዘጠኝ ድንጋይ አስወረደ። ቀላ ያሉ፣ ጥርብ፣ ጠርዛቸው የለሰለሰ። የቤቱ ግድግዳ አልቆ የቀረው የበሩና የመስኮቱ ዙሪያ ብቻ ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ክረምቱ አፍንጫ ሥር ደርሷል። እናትየዋ ለዘጠኙም ነገረቻቸው። አንዱንም አላላበውም። በማግስቱ ደገመች። በሦስተኛው ቀን ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ነገረቻቸው። ደረቅ ናቸው።

«ቀድሞ ሰው ነግሯቸው ይሆናል» አለች ለራሷ። «ሁለቴ አያልባቸውማ። ሰምተው ጨርሰዋል ማለት ነው።» ሰው ራሱን ሊያታልል ሲፈልግ ረዳት አያጣም። ግንበኛው ግን ደረቅ ድንጋይ እንደማያሳልፍ ታውቃለች። ስለዚህ የሻሿን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነከረችና ዘጠኙንም አንድ በአንድ አበሰቻቸው። ግንበኛው መጣ፤ አውራ ጣቱ ረጠበ፤ ከሰሉን ከጆሮው ላይ አወረደ።

«ለልጅሽ የልጅ ቤት ይሁንላት» አላት።

«አሜን» አለች።

አምስቱ ድንጋይ በሩን፣ አራቱ መስኮቱን ከበቡ። ልጇም ገባችበት፤ ወዲያውም ፀነሰች። አሁን ስምንት ወሯ ነው። እግሯ ስላበጠ አዋላጇ ከአልጋ እንዳትወርድ አዛታለች።

እናትየዋ ወደ ውስጥ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጇ እግሯን የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ሰቅላ የሕፃን ሸሚዝ ትሰፋለች።

«እኔ ቤት ብንሄድስ?»

«የት? ያ ጣሪያው የሚያፈሰው ቤት?»

«አሁን እኮ ዝናብ የለም።»

«እማ፣ አዋላጇ ያለችውን ሰምተሻል። ደግሞ ቤቴ ምን ሆነ?»

«ምንም። እንዲያው ነው።»

«አንቺ እንዲያው ብለሽ አታውቂም።» ልጇ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላኝ ደረጃ ስወርድ እጄን ትይዢኝ ነበር። ጓደኞቼ ያቺ ዕውር ልጅ ይሉኝ ነበር፣ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም ነበር።»

«አሁን እወቂው። ተይኝ፣ ቤቴ ነው የምወልደው።»

መናገር የነበረባት ያን ጊዜ ነው። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አንዴ ከተናገረች በኋላ የሚመጣውን አየችው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህች ከተማ የተሠራ ቤት ሁሉ በእሷ እጅ አልፏል። አንዱን ዋሸሁ ካለች ማን በየትኛው ግድግዳ ሥር ይተኛል? ግንበኛውስ ምን ይላታል? ልጇስ በምን ዓይን ታያታለች? «ነገ እነግራቸዋለሁ» አለች በሆዷ። «ዛሬ አንዴ ልሞክር።»

ጨርቅ ይዛ የበሩን ዙሪያ የምትወለውል መሰለች። ድንጋዩን እየተደገፈች «ንጉሡ ሞቷል፤ እረፍ» ትላለች በሹክሹክታ፤ ቀጥሎም ለሚቀጥለው። አማቿ መላጊያውን አስቀምጦ አያት።

«ለድንጋዩም ይጨነቃሉ እንዴ እማማ? እሱ እንኳ አይወልድም።»

ደረቅ ናቸው። መዳፏ ላይ የቀረው የገዛ ራሷ ላብ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሥራዋን ትታ ወደ ኮረብታው ወጣች። ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች በሕይወት የቀረው አንድ በረኛ ብቻ ነው። ሰማንያ አልፎታል። የሚጠብቀው የብረት መዝጊያ አሁንም ቆሟል፤ ግራና ቀኙ ግን ግንቡ ተነቅሎ ስላለቀ ሜዳ ነው። ሽማግሌው ጠዋት ይከፍተዋል፣ ማታ ይቆልፈዋል። ሠራተኞቹ ጋሪያቸውን በጎን እያዞሩ ሲያልፉ «አባባ፣ እንለፍ?» ይሉታል። «እለፉ፤ እኔ ግን አላየኋችሁም» ይላቸዋል። ቀልዱ ዓመት እስከ ዓመት ያው ነው።

«እንዴት አደሩ አባባ?»

«ደህና። ቁልፉም ደህና ነው። አንቺ ደግሞ ዛሬ ድንጋይ አትገስጪም?»

«ስለ አንድ ክፍል ልጠይቅዎ መጥቼ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለችው፣ ትንሿ፣ ቀይ ድንጋይ ያላት።»

ሽማግሌው ቁልፉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ምን አደረገችሽ?»

«ድንጋዮቿ መርዶ አይሰሙም።»

«አይሰሙማ። የነገርሻቸው የንጉሡን መርዶ ነዋ።» መሬት መሬት እያየ ነበር የሚናገረው። «ያቺ የልጅቷ ክፍል ናት። የንጉሡ ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ። ጠላት ድልድዩን የሰበረ ቀን ሞግዚቷ ድንጋዮቹን በአዲስ መሐላ አስማለቻቸው። ንጉሡን ተዉት፣ ይህች ልጅ በሕይወት እስካለች ውስጥ ጠብቋት፣ ደጁን ዝጉ ብላ። እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

እናትየዋ አንድ የወደቀ ዓምድ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እነዚያ ድንጋዮች የልጄ ደጃፍ ላይ ናቸው። ልጄ ስምንት ወሯ ነው።»

«እንግዲያ ገብቷቸዋል» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ። «እስካሁን ባዶ ቤት ነው የያዙት። አሁን ልጅ አለ ውስጥ። ልጅቷ ተመለሰች ብለዋል።»

«ምን ልንገራቸው? የልጅቷን ነገር ይንገሩኝና ልንገራቸው። የት ናት?»

«ከተራራው ወዲያ ናት ይባል የለ? ሁሉ ሰው ያውቀዋል።»

ሁሉ ሰው ያውቀዋል ማለቱ እውነት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በዚህች ከተማ ውሃ የሚቀዳ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ እህል የሚፈጭ ሁሉ ልጅቷ ከተራራው ወዲያ አድጋለች፤ አንድ ቀን ትመጣለች ይላል። ሰው ሲጣላ «ትምጣና ትፍረደን» ይባባላል። ሲቸገር «እስክትመጣ ነው» ይላል። እናትየዋም ብላዋለች። አሁን ግን ሽማግሌው ይህን ሲል ዓይኗን ማየት እንዳልፈለገ ልብ አለች።

«ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አላልኩዎትም» አለችው። «እርስዎ የሚያውቁትን ነው የጠየቅሁዎት።»

«ተይ ልጄ። አንዳንዱን ነገር ሆድ ይፍጀው።»

«የልጄን ሕይወት ነው የሚፈጀው።»

ይህን ስትል አማቿ በሜዳው በኩል እየሮጠ መጣ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ፍቅፋቂው ፀጉሩ ላይ እንዳለ ነው።

«ደጃፉ ተዘጋ» አለ። «በሩን መልሼ ገጠምኩት፤ ምስማር ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ድንጋዩ በሩን ጨምቆ አጥፎታል። መስኮቱም እጅ አያሳልፍም። ጣሪያው ይንቋቋል እማማ፣ አቧራ እየዘነበባት ነው።»

«እሷስ?»

«ትናገራለች። እማን ጥራልኝ አለችኝ።»

እናትየዋ ተነሣች። ከመሮጧ በፊት ወደ ሽማግሌው ዞረች። ድምፅዋ ለድንጋይ እንደምትነግረው ዓይነት ዝቅ ያለ ነበር።

«አባባ፣ እኔ በዘጠኝ ድንጋይ ዋሽቻለሁ። ሳያልባቸው አልቧቸዋል ብያለሁ፤ በውሃ ያበስኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ሄጄ በሰው ፊት እናገረዋለሁ። እርስዎ ከተማ ሙሉ ነው የዋሹት። የእርስዎን እኔ ልናገርልዎት አልችልም።»

መልሱን አልጠበቀችም። አማቿ አፉን ከፍቶ አንዴ እሷን አንዴ ሽማግሌውን ያያል።

ስትደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ደጃፉ ላይ ተሰብስቧል። ዋናው ግንበኛ እጅጌውን ሰብስቦ ትልቁን መዶሻ አንሥቷል። ደጃፍ የነበረው ቦታ ላይ ቀያዮቹ ድንጋዮች ገጥመዋል። በመካከላቸው የተጨመቀው በር እንደ ቅጠል ታጥፏል። በስንጥቁ በኩል የልጇ ድምፅ ይሰማል።

«እማ? መጣሽ?»

«መጣሁ። ግድግዳው ጥግ ተጠግተሽ ተቀመጪ፤ ከመሐል ራቂ።»

«ሞሰቡ... ምሰሶው ዘመመ» አለች ልጇ፤ ምላሷ ተሳስሮባታል። «ሆዴን በትራስ ሸፍኜዋለሁ።»

ግንበኛው መዶሻውን ወደ ኋላ ወሰደ። እናትየዋ ክንዱን ይዛ ተንጠለጠለችበት።

«አትምታው። ከመታኸው ጣሪያው ነው የሚወርደው።»

«ልቀቂኝ እህቴ። የሰማ ድንጋይ ነው፣ ይሰበራል። ምልክት ያደረግሁበት እኔ ነኝ፤ በጣቴ አይቼዋለሁ።»

«ያየኸው የሻሼን ውሃ ነው።»

ግንበኛው መዶሻውን ቀስ ብሎ መሬት አስነካው። የጣሪያው ወራጅ እንጨት ሲንቋቋ ይሰማል።

«ምን አልሽ?»

«አላላባቸውም ነበር። ሦስት ቀን ነገርኳቸው፤ አልሰሙኝም። ክረምቱ መጣ፤ ሠርጉ ደረሰ። በውሃ አበስኳቸው። አንተ ምንም አላጠፋህም። እኔ ነኝ።»

«ዘጠኙንም?»

«ዘጠኙንም።»

ከውስጥ ልጇም ሰምታለች። እናትየዋን ከሁሉ የከበዳት ይሄ ነው። ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አሳርፋ የምትለውን ፈለገች። የልጅቷን ነገር አታውቅም፤ የማታውቀውን ብትናገር ደግሞ ድንጋዩ ውሸት መሆኑን ያውቃል።

ያኔ ነው ከኋላ ሰው መንገድ የለቀቀው። አማቿ ሽማግሌውን አዝሎ መጣ። ቁልፉ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አማቿ ሲያወርደው ሽማግሌው እግሩ ስላልጸና ድንጋዩን ይዞ ቆመ። ግራ እጁን ይሁን ቀኙን እንደሚጭን ስላላወቀ ወደ እናትየዋ ዞረ።

«ግራውን» አለችው። «ቀስ ብለው ይንገሯቸው። እነዚህ በአንድ መሐላ የታሰሩ ናቸው፤ ለአንዱ ከነገሩት ሁሉም ይሰማሉ። የሆነውን ብቻ።»

ሽማግሌው እጁን ጫነ።

«በጣሪያው በኩል ነው ያወጣኋት» አለ ለድንጋዩ። «ደጁን እናንተ ይዛችሁት ስለነበር በጣሪያው ገባሁ። በልብስ ቅርጫት አድርጌ አወጣኋት፤ ከላይዋ ላይ አንሶላ አለበስኳት። አላለቀሰችም። ጎበዝ ልጅ ነበረች። ሦስት ቀን በእግር ሄድን። በሁለተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። መድኃኒት የሚሰጥ ሰው አጣሁ፤ ውሃ ብቻ ነው የነበረኝ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ሳትወጣ ሞተች። ወንዙ ማዶ፣ ሦስተኛው ዛፍ ሥር ቀበርኳት። ጫማዋን አውልቄ ነው የቀበርኳት፤ ጠቧት ነበር፤ መንገዱን ሙሉ እግሬን እያለች ነበር። ተመልሼ ስመጣ ሰው ሁሉ ልጅቷ አመለጠች እያለ ይደሰታል። ምን ልበላቸው? ዝም አልኩ። እናንተም ጠበቃችሁ። በቃ። የምትጠብቋት ልጅ የለችም።»

መጀመሪያ ከላይኛው ድንጋይ ነው የጀመረው። እናትየዋ በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲሆን አይታ አታውቅም። ችፍታ አልነበረም፤ ውሃው ወረደ። በቀዩ ድንጋይ ፊት ላይ መስመር እየሠራ፣ በታጠፈው በር ላይ እየተንጠባጠበ፣ መሬቱን አረጠበው። ከዚያ ድንጋዮቹ አንዳች ነገር ከትከሻቸው እንደወረደ ሰው ፈታ አሉ። በሩ ወደ ውጭ ተዘረረ። አማቿ በወደቀው በር ላይ ረግጦ ገባና ሚስቱን አቅፎ ይዟት ወጣ። ፀጉሯ፣ ሽፋሽፍቷ፣ ከንፈሯ ሁሉ አቧራ ነው። ትራሱን ከሆዷ ላይ አልለቀቀችም። እንደወጡ ወራጁ ተንሸራተተና የጣሪያው አጋማሽ አልጋው ላይ ወረደ።

ማንም እሰይ አላለም። ሰው ሽማግሌውን ነበር የሚያየው። ልብስ አጣቢዋ አሮጊት፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ «ዘንድሮ ትመጣለች» የምትለው፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ቀረች።

«አርባ ዓመት» አለችው። «አርባ ዓመት በደጅህ ሳልፍ ጠይቄሃለሁ።»

«ጠይቀሽኛል» አላት።

«ሳቅ እያልክ ነበር የምትመልስልኝ።»

አንድ ሰው ለሽማግሌው መቀመጫ ሊያመጣ ሄደ፤ ሌላው ደግሞ «ይቁም» አለ። መቀመጫውን ያመጣው ሰው አመነታና ለአሮጊቷ ሰጣት።

ዋናው ግንበኛ ከጆሮው ላይ ከሰሉን አውርዶ ትንሽ አየውና መልሶ ሰካው። ወደ እናትየዋ ሳይዞር ተናገረ።

«ነገ ግቢ አትምጪ። ከነገ ወዲያም።»

«እሺ» አለች።

«እኔ እኮ አንቺ የነገርሻቸው ድንጋዮች ቤት ውስጥ ነው የምተኛው። ልጆቼም።»

«የእነሱ አልቧቸዋል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ይሄንንም እንዲሁ ብለሽኝ ነበር» አላትና ሄደ።

ልጇን በጋሪ አድርገው የአማቿ እናት ቤት ወሰዷት፤ የጭቃ ቤት ነው፣ አንድም የቤተ መንግሥት ድንጋይ የለበትም። እናትየዋ ከፍርስራሹ ያወጣችውን የሕፃን ልብስ በአንሶላ ጠቅልላ ከኋላ ተከተለች። መንገዱን ሙሉ ልጇ አላናገረቻትም። አዋላጇ መጥታ ሆዷን ነካክታ «ይራገጣል፤ ደህና ነው» ስትል ነው ሁለቱም እኩል የተነፈሱት።

ልጇ ግድግዳውን እየተደገፈች እስከ ደጃፉ መጥታ ጥቅሉን ተቀበለቻት።

«ስታብሻቸው ምን አስበሽ ነበር?»

«ዝናቡ ሳይደርስብሽ ጣሪያ ሥር እንድትገቢ።»

«እሱን አይደለም። ትናንትና። በሩን በስንዝር ስትለኪ አይቼሻለሁ። ታውቂ ነበር።»

እናትየዋ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«አውቅ ነበር» አለች። «ፈራሁ።»

«ትሞትብኛለች ብለሽ አልፈራሽም?»

«እሱን ከሁሉ በላይ ፈርቻለሁ። ግን ነገ ነው ብዬ ነበር። አንድ ቀን ያለኝ መስሎኝ ነበር።»

ልጇ ጥቅሉን ደረቷ ላይ ያዘችው። የምትጮህ መስሏት እናትየዋ ተዘጋጅታ ነበር። ብትጮህ ይሻላት ነበር።

«ደክሞኛል» አለች ልጇ። «ነገ ነይ። ዛሬ ሂጂ።»

በሩ በእርጋታ ተዘጋ። እንጨት ነው፤ በቦታው ገጠመ።

ከሰዓት በኋላው ገና አላለቀም፤ ፀሐይዋ ግን ዘቅዘቅ ብላለች። እናትየዋ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱ ከሌላው ቀን የተለየ ነበር። ሰው ከየቤቱ ወጥቷል። አንዱ ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሳል፤ ሌላው ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል፤ አንዲት ሴት በገመድ የበሯን ስፋት ትለካለች። ስታልፍ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከልጆቹም አንድ እንኳ ከኋላዋ «እትዬ መርዶ» ያላት የለም።

ሻማ ሠሪዋ ሦስት ልጆቿን ደረጃው ላይ አስቀምጣ፣ አልጋ ልብሱንና ድስቱን ሁሉ ውጭ አውጥታ ቆማለች። ቤቷ ከተሠራ ሰባት ዓመቱ ነው።

«የኛስ?» አለቻት።

«የእናንተ ሰምቷል። እኔ ነኝ የነገርኩት። አልቦታል።»

«አንቺ ነሽ የምትይው።»

«እኔ ነኝ።»

«እንደገና ንገሪውና ሲያልበው ልየው።»

«አይሆንም እህቴ። ድንጋይ የሚያልበው አንዴ ነው። አሁን ብነግረው ደረቅ ነው የሚሆነው።»

«ያልሰማውም ደረቅ፣ የሰማውም ደረቅ» አለች ሻማ ሠሪዋ። አልተቆጣችም፤ ነገሩን እያሰላሰለች ነው። «እንግዲህ እኔ በምን ልወቅ?»

ትንሹ ልጅ ራበኝ አለ፤ እናቱ ቆይ አለችው። ልጁ ቤቱን አየ፣ እናቱን አየ።

«ግቢ» አለች ሻማ ሠሪዋ በመጨረሻ። «አንቺ ግቢና ተቀመጪበት። እኛ ከዚህ ሆነን እናይሻለን።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ እንጃ። እስክናምን።»

እናትየዋ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ ገባች። ቤቱ ሰም ሰም ይሸታል፤ የተንጠለጠሉት የሻማ ክሮች ፊቷን ነኩት። ከኮረብታው ወገን ያለውን ግድግዳ መረጠች፤ ቢያዘነብል የሚያዘነብለው በዚያ በኩል ነው። ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጀርባዋን አስደገፈች። ድንጋዩ በሸሚዟ አልፎ ቀዘቀዛት። በበሩ በኩል ሦስቱ ልጆች በተርታ ተቀምጠው ይመለከቷታል። ከእነሱ በስተኋላ የጎረቤት ሴት መጣች፤ ቆመች። ሌላም ሰው ጨመረ።

«ቀጥሎ እኛ ጋ ትምጣ» ሲል አንዱን ሰማችው።